ልጅሽን ማን ይይዝልሻል?

ቆቦ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እህቴ ዚነት፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጤናሽ እንደምን ነሽልኝ? ባልሽ ታሂርስ? ያ ዓይኑን ያላየነው ልጅሽ መህዲስ አደገ? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። እማ ጉልበቷ ነው እንጂ ያስቸገራት ምላሷ እንዳለ ነው። «ዚነትን ሳላይ አልሞትም» እያለች መለከል መውትን በቀጠሮ ታመላልሰዋለች። ማሽላው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ ከዞብል በኩል የሚወርደው ጎርፍም ማሳውን አጠጥቶ እንጂ ጠርጎ አልሄደም።

በወረቀት መጻፌ ይግረምሽ ይሆናል። ስልኩ በሠራ ቀን እማ ከጎኔ፣ ጎረቤት ከኋላዬ ተቀምጦ ነው የምናወራው። ኢንተርኔቱንማ እርሺው። የልቤን ላወራሽ ስላልቻልኩ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ጉዳዩ የባለቤቴ የሀናን ነው። ሱቁ በጦርነቱ ጊዜ ባዶውን ከቀረ ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነልኝም፤ ታውቂያለሽ። ሀናን «ዝም ብዬ አላይም» ብላ ከጎብዬ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም እያመጣች ቆቦ ላይ መሸጥ ጀምራለች። አልከለከልኳትም። የኔ ጭንቅ ልጃችን ራዊያ ናት። ሦስት ዓመት ሞልቷታል፤ አንድ ቦታ አትቀመጥም። እማ በዚህ ጉልበቷ ሮጣ አትይዛትም። እና ሀናን እያዘለችም እየጎተተችም ገበያ ለገበያ ይዛት ትዞራለች።

አሁን ደግሞ ከገበያው ማዶ መንግሥት የሕፃናት ማቆያ ከፍቷል። ለሚሠሩ እናቶች ነው አሉ። ክፍያ የለውም። ጠዋት ተቀብለው፣ ምሳ አብልተው፣ አስተኝተው፣ ማታ ይመልሳሉ። ሀናን «እናስገባት» ብላ ያዘችኝ። እኔ ደግሞ ሞቼ ነው ቆሜ አልኳት። በእኛ ቤት ልጅ ያደገው በአክስት፣ በአያት፣ በጎረቤት እጅ ነው። የማላውቃት ሴት ልጄን አቅፋ ስትውል ሰው ምን ይላል? «አብዱሰመድ ልጁን ማብላት አቅቶት ለመንግሥት ሰጠ» ነው የሚለው።

እዚያ አገር ሰው ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ለመንግሥት እየሰጠ ሥራ ይሄዳል ይባላል። እውነት ነው? አንቺስ እንዴት ነሽ? ልጅሽን ማን ይይዝልሻል? እውነቱን ጻፊልኝ። ሀናን የእኔን ባትሰማ የአንቺን ትሰማለች።

እማ በዱዓዋ አልረሳችሽም፤ አንቺም አትርሽን።

ወንድምሽ አብዱሰመድ


ሼፊልድ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017

ለአያ አብዱ፣ ለወንድሜ፣ ላሳዳጊዬ፤

ወዐለይኩም ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ፖስታውን ሳልከፍት አሸተትኩት፤ ምንም የቆቦ ሽታ የለውም፤ ያው የወረቀት ነው፤ ግን አሸተትኩት። ለእማ ጉልበት የሚቀባ መድኃኒት ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው እጅ ልኬያለሁ። ስትተኛ በሙቅ ጨርቅ ሸፍኑላት።

እኛ ደህና ነን። ብርዱ ገብቷል፤ ፀሐይ በአሥር ሰዓት ትጠልቃለች። ታሂር ሥራው ጥሩ ነው። መህዲ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ፀጉሩ የአባታችንን ነው፤ ግንባሩ ላይ እንዲያው ተሰብስቦ ይቆማል።

ስለጠየቅከኝ ነገር፣ እዚህ እንደየሰዉ ነው። ፈረንጆቹ ይሰጣሉ። እኔ ግን ቤቴ ነኝ፤ ልጄን ራሴ ነው የምይዘው። ለማንም አልሰጥም። አላህ ይመስገን፣ የታሂር ደመወዝ ይበቃናል።

ሀናንን ሰላም በልልኝ። ጎበዝ ሴት ናት። ራዊያን ሳምልኝ። ብዙ ልጽፍልህ ፈልጌ ነበር፤ ግን እረፍቴ ሊያልቅ ስለሆነ እዚህ ላይ ላቁም።

እህትህ ዚነት


ቆቦ፣ ጥር 14 ቀን 2017

ለእህቴ ለዚነት፤ የአላህ ሰላምና እዝነት ከቤትሽ አይለይ።

ደብዳቤሽ መንገድ ተዘግቶ ደሴ ላይ ሰንብቶ ደረሰኝ። መድኃኒቱም ደርሷል፤ እማ ለጉልበቷ ተቀብታ የቀረውን ለጎረቤት ሁሉ ስታድል ነበር፤ «የልጄ ነው» እያለች።

ወላሂ ዚነት፣ አኮራሽኝ። ደብዳቤሽን ማታ እማ ባለችበት፣ ሀናን ባለችበት፣ ጎረቤታችን ብርቱካንም እሳት ልትጭር ገብታ ነበር፣ እሷም ባለችበት ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ለማንም አልሰጥም» የምትለው ላይ ስደርስ ሁለቴ ደገምኳት። እማ እልል አለች። ብርቱካን «በሰው አገር እንዲህ የያዘች፣ እዚህ የነበረች እንደሆነማ» አለች። እኔም ሀናንን ዞር ብዬ አየኋትና «ሰማሽ? ለንደን የምትኖር ሴት እንኳ ልጇን ለመንግሥት አልሰጠችም» አልኳት። አንቺ ለንደን እንዳልሆንሽ አውቃለሁ፤ ለነገሩ ነው።

ሀናን ራዊያን አንስታ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ የማቆያውን ነገር አንስታብኝ አታውቅም። ነገሩ አለቀ። በገበያ ቀን ይዛት ትሄዳለች፤ ሽንኩርት ማዳበሪያ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። አየር ነው፤ ምን ትሆናለች?

በመስጊዱ ጀመዓ ሰው ስለ ሚስቶችና ስለ ሥራ ሲያወራ የአንቺን ነገር አነሳለሁ። ምሳሌ ሆነሻል። አላህ ይጨምርልሽ።

ወንድምሽ አብዱሰመድ


ሼፊልድ፣ የካቲት 29 ቀን 2017

ለአያ አብዱ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። የዘገየሁት ስላመመኝ ነው። ክፉ ሕመም አይደለም፤ አታስብ። ረመዳንም ገብቷል፤ እዚህ ጾም ብቻውን ነው የሚይዝህ፤ አዛን አይሰማም።

ደብዳቤዬን ለሰው ባታነብብብኝ ደስ ይለኛል። የጻፍኩት ላንተ ነው። በጀመዓም ስሜን አታንሳ፤ ዓይን አለ።

ሀናን ላይ ደግሞ አትጠንክርባት። የእኔ አገርና የእሷ አገር አንድ አይደለም። ሰው ሁሉ እንደ አቅሙ ነው። ገበያው ፀሐይ ነው፤ አውራ ጎዳናውም የሲኖትራክ መተላለፊያ ነው። ምናልባት ያን ማቆያ አንድ ቀን ሄደህ በዓይንህ ብታየው። አስገባት አላልኩም፤ ብታየው ነው ያልኩት። ወይም የምትይዛት ልጅ ቅጠሩላት፤ ትንሽ ነገር ልኬልሃለሁ።

ሌላ ምንም አዲስ ነገር የለም። ሁላችንም ደህና ነን።

ዚነት


ቆቦ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017

ለዚነት፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ኢድን እንዴት አሳለፋችሁ? እኛስ አላሳለፍነውም።

ከኢድ በፊት በነበረው የጎብዬ ገበያ ራዊያ ጠፋች። ቀድሜ ልንገርሽ፣ ተገኝታለች፣ ደህና ናት። እንዳትደነግጪ።

ሀናን ሽንኩርት ስትደራደር ልጅቷ ማዳበሪያው ላይ ተቀምጣ ነበር። ዞር ስትል የለችም። እኔ ቆቦ ሱቅ ነበርኩ፤ ተደወለልኝ። በሚኒባስ ጎብዬ ስደርስ ከመውረዴ በፊት ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ የሰማሁት የራሴን ስም ነው። «ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሕፃን፣ ራዊያ አብዱሰመድ፣ ያያችሁ» ይላል። አገር ምድሩ ይሰማል። ነጋዴው ሁሉ ያውቀኛል፤ ገበሬው ያውቀኛል፤ ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሀናንን ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ፣ ሻሿ አንገቷ ላይ ወርዶ በበሬዎቹ መካከል ስትሮጥ አገኘኋት። ሰው ከቧት ነበር። እኔም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አንቺ እናት ነሽ? እንስሳ እንኳ የወለደውን አይጥልም!» አልኳት። ሌላም ብዬ ይሆናል። አየችኝና እንደገና ወደ ፍለጋዋ ሮጠች።

የዐስርን ሶላት ሰግደን እንደወጣን ከቆቦ ፖሊስ ተደወለ። ዘነበች የምትባል የሮቢት ሴት መኪና መሳፈሪያው አጠገብ እያለቀሰች አግኝታታለች። ልጅቷ «ቆቦ፣ ቆቦ» ብቻ ስላለች ሰዎቿ ቀድመዋት የሄዱ መስሏት በሚኒባስ ይዛት መጥታ ፖሊስ ጣቢያ አስረክባለች። አላህ ይስጣት፤ ስሟን እንጂ መልኳን አላየሁትም። ፖሊሶቹም ሕፃን የሚያቆዩበት ስለሌላቸው ዘመድ እስኪመጣ ብለው እዚያ ማቆያው አስቀመጧት። ሄጄ ተቀብያት መጣሁ።

ይኸው ነው። ሀናን ግን በማግስቱ ልጅቷን ይዛ ሮቢት አባቷ ቤት ገባች። ሽማግሌ ልኬ ነበር፤ «አልመለስም» አለች። በግንቦት ሽማግሌዎቹ እንደገና ይቀመጣሉ።

እና አንድ ነገር አስቸግርሻለሁ። ገንዘብ አይደለም፤ የላክሽውንም አልነካሁትም። ለሀናን ምክር ጻፊላት። እናት ልጇን እንዴት እንደምትይዝ፣ አንቺ በሰው አገር ቤትሽን ዘግተሽ ልጅሽን እንዴት እንደምታሳድጊ አስረጂያት። በሽማግሌዎቹ ፊት እንዲነበብ እፈልጋለሁ። አባቷም ይሰማ። ከአንቺ አፍ ሲሆን ይከብዳል።

ቶሎ በይልኝ፣ እህት ዓለም።

አብዱሰመድ


ሼፊልድ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2017

ለወንድሜ ለአብዱሰመድ፤

ሰላም ላንተ ይሁን፤ በራዊያ መገኘት አላህ ይመስገን። ደብዳቤህን ደረጃው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት።

አያ፣ የጠየቅከኝን ምክር ልጽፍ አልችልም። እኔ ልጄን ራሴ አልይዝም። መህዲ ሁለት ዓመት ከሞላው ጀምሮ መንግሥት በሚከፍልለት የሕፃናት ማቆያ ነው የሚውለው። ዋሽቼሃለሁ።

ታሂርም ሥራ የለውም። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ ወገቡ ተቀጨ፤ ዓመት አለፈው። መህዲ «እቀፈኝ» ብሎ እጁን ሲዘረጋለት ፊቱን ያዞራል፤ ማንሳት ስለማይችል። ልጁ አሁን ለአባቱ እጁን መዘርጋት ትቷል። እኔ የአረጋውያን ቤት አጸዳለሁ። የሰው አባት አጥባለሁ፣ የሰው እናት ልብስ እቀይራለሁ፤ የራሴን እናት ጉልበት ላሸት አልቻልኩም።

ማቆያውን የነገሩኝ ሕፃን የሚጎበኙ ነርስ ናቸው። ቤት ድረስ እየመጡ ልጁን ይመዝናሉ፤ እኔንም «እንዴት ነሽ?» ይላሉ። መጀመሪያ ሲመጡ ልጁን ሊወስዱብኝ መስሎኝ በር አልከፍትም ብዬ ነበር። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች ልጁ ሁለት ዓመት ሲሞላው በሳምንት አሥራ አምስት ሰዓት መንግሥት ይከፍላል አሉኝ። ለማመልከት ሄድኩ። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን አየችና በደስታ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጅሽ ያሟላል!» አለችኝ። አያ፣ ምን እንዳሟላን ገባኝ። ድህነትን ነው ያሟላነው። አመስግኜ ወጣሁ፤ ከዚያ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሻሼን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ አለቀስኩ። አንተ ሱቅህን በዱቤ ይዘህ፣ የራስህን ጫማ ሳትገዛ አስተምረኸኛል። «እህቴ እንግሊዝ ናት» ስትል አንገትህ ቀና እንደሚል አውቃለሁ። ያን አንገት እኔ ልስበረው?

መጀመሪያ ቀን መህዲ ቀሚሴን ይዞ አልለቅ አለ። ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቅኩ። ሥራ ላይ ሆኜ ወለሉን ስወለውል ለቅሶው ይሰማኝ ነበር። ማታ ልወስደው ስሄድ ግን ውሃ ውስጥ እያንቦጫረቀ እየሳቀ ነበር፤ አይቶኝ አልመጣም። በዚያም አፈርኩ፤ ሲያለቅስም አፈርኩ፣ ሲስቅም አፈርኩ።

ሌላም አለ። ልጁ አይናገርም ነበር። እኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነበር የማወራው፤ አማርኛ ወደ ኋላ ያስቀረዋል ብዬ ፈርቼ። አስተማሪዎቹ ጠርተው «በቤት በምን ቋንቋ ትዘፍኚለታለሽ?» አሉኝ። በምንም አልኩ። «በራስሽ ቋንቋ አውሪው፤ ልጅ አንዱን በደንብ ሲይዝ ሌላውን ይደርስበታል» አሉኝ። ወላጆች የሚሰበሰቡበት ቤት አለ፤ እናቶችና አባቶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ከልጆቻቸው ጋር ይዘፍናሉ፣ መጽሐፍ ይዋሳሉ፣ ስለ ምግብና ስለ እንቅልፍ ይጠይቃሉ፤ ማንም አይስቅባቸውም። እኔ ለብዙ ጊዜ በሩ ጋ ቆሜ ነበር የምመለሰው። አንድ ቀን ገባሁና እማ ታባብለን የነበረችውን «እሹሩሩ» አልኩ። መህዲ ዞሮ አፌን አየ፤ እንግዳ ሴት እንዳየ። አሁን «ና» ይላል፣ «ውሃ» ይላል። «እማ» ማለት የጀመረው ባለፈው ወር ነው።

ይህ ሁሉ ውርደት እንዳልሆነ አሁን ሳየው ይገባኛል፤ ልቤ ግን እስካሁን ያፍራል። ያንተ ደብዳቤ ግን ከዚህ የባሰ እፍረት አመጣብኝ። በጥር የጻፍክልኝን ሳነብ፣ ሀናን ጓዳ ገባች የምትለውን ሳነብ፣ ውሸቴ ምን እያደረገ እንደሆነ አውቄ ነበር። ያን ዕለት መጻፍ ይገባኝ ነበር። ይልቅ ስሜን አታንሳ፣ ማቆያውን እየው እያልኩ ዙሪያውን ዞርኩ፤ ገንዘብ ላክሁ። ሀናን ልጅቷን ገበያ ይዛ የወጣችው በእኔ ቃል ነው። አንተ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «እናት ነሽ?» ያልካት በእኔ ቃል ነው። ጥያቄው ለእኔ ነበር የሚገባው።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጮክ ብለህ አነበብክላት። ይኼንንም ጮክ ብለህ አንብብላት። ሽማግሌዎቹም ፊት ቢሆን ግድ የለኝም። ለእማ ግን እኔ ራሴ እነግራታለሁ፤ እስካሁን አልደፈርኩም።

ይቅርታ ስጠኝ አልልህም፤ መጀመሪያ እሷ ትስጠኝ።

ዚነት


ቆቦ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017

ለእህቴ ለዚነት፤

አላህ ከእናንተ ጋር ይሁን፤ የታሂርን ወገብ ያሽርልን። እማ ደህና ናት።

እንደተቀየምኩሽ አስበሽ ይሆናል። ዝምታዬ ቅያሜ አይደለም። የሆነውን በሙሉ ልንገርሽ።

ደብዳቤሽ በግንቦት መጀመሪያ ደረሰኝ። ሱቅ ውስጥ ነበር የከፈትኩት። ደንበኛ ስኳር እየጠየቀኝ አልሰማሁትም። ጨርሼ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት፤ ለማንም አላሳየሁም። በሽማግሌዎቹ ቀን ሮቢት ሄድን። የሀናን አባት ቤት ጥላው ሥር ተቀመጥን፤ እሷ በሩ ጋ ቆማለች። አንደኛው ሽማግሌ «ያ የእህትህ የምክር ደብዳቤስ አልመጣም?» አለኝ። ኪሴ ውስጥ ነበር። «አልመጣም፣ መንገድ ተዘግቷል» አልኩ። አየሽ፣ አንቺን ልሸፍን ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ውሸት ነው። «ለንደን የምትኖር ሴት እንኳ» ብዬ በመንደሩ ሁሉ የለፈፍኩት እኔ ነኝ፤ የሸፈንኩት ራሴን ነው። ሽማግሌዎቹም እሷ ላይ ፈረዱ። «ልጅ ጥላ ነበርና ባሏን ይቅርታ ትጠይቅ» አሉ። ሀናን «አልጠይቅም» ብላ ገባች። እኔ ዝም አልኩ። በሚኒባስ ስመለስ የሰው ፊት ማየት አቃተኝ።

በመጋቢት የጻፍኩልሽ ላይ «ሄጄ ተቀብያት መጣሁ» ብዬ ነበር። እንዲያ ቀላል አልነበረም። ማቆያው ስደርስ ራዊያ ፊቷ ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ተቀይሮላት፣ ምንጣፍ ላይ ከልጆች ጋር አስቀምጠው ያበሏታል። ያ «ለመንግሥት መስጠት» ያልኩት ቤት በዚያ ሙቀት ከእኔ ቤት ይቀዘቅዛል። ሱዓድ የምትባል ሞግዚት በሩ ላይ አቆመችኝ። «ልጅ ለመጣ ሁሉ አንሰጥም፤ አባቷ መሆንዎን እንድናውቅ ጥቂት እንጠይቅዎ» አለች። በትሕትና ነው ያለችው። ስትተኛ ምን ይዛ ነው የምትተኛው? የማይስማማት ምግብ አለ? ክትባቷን ጨርሳለች? ምን ትፈራለች?

ዚነት፣ አንዱንም አላወቅኩም። አንዱንም። ሌሎች እናቶች ልጆቻቸውን ሊወስዱ መጥተው ከኋላዬ ቆመዋል። «እኔ አባቷ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ፤ ራዊያ ደንግጣ ሞግዚቷ ጉያ ገባች። በመጨረሻ ለሀናን ደወልኩ። ከጎብዬ በሌላ ሚኒባስ መንገድ ላይ ነበረች። ያን ሁሉ ስድብ ከሰደብኳት ገና ቀኑ ሳይመሽ፣ ስልኩን ለሱዓድ ሰጠኋት፤ ሀናን እየተንሰቀሰቀች አንድ በአንድ መለሰች። የእኔን የአባቷን ነጠላ ጫፍ ይዛ ነው የምትተኛው። እንቁላል ያሳክካታል። የምትፈራው የሰው ጩኸት ነው። ያኔ ሰጡኝ። ይኼን ነበር የደበቅኩሽ።

ከሽማግሌዎቹ ወዲያ በሦስተኛው ሳምንት ብቻዬን ሮቢት ሄድኩ። ሀናን ደጅ ላይ ማሽላ ታበጥራለች። ሰላምታዬን መለሰች፤ ተቀመጥ አላለችም። ቆሜ ደብዳቤሽን ከኪሴ አወጣሁ። «በግንቦት ነው የደረሰኝ፤ ዋሽቼ ነው» አልኳትና ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «እንኳን ደስ ያለሽ» ያሉሽ ቦታ ላይ ስደርስ ሀናን ሰፌዱን አስቀመጠች። አባቷም ከውስጥ ወጥቶ ቆሞ ሰማ። እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ «ጥያቄው ለእኔ ነበር የሚገባው» የምትይውንም።

ትሰድበኛለች፣ ወይም አንቺን ትራገማለች ብዬ ጠበቅኩ። ሀናን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ «ልጁ ለምዷል?»

«ለምዷል» አልኳት።

ሰፌዱን አነሳችና «ዚነት እኮ ሰው የላትም» አለች። ከዚያ ማሽላዋን ማበጠር ቀጠለች። እኔም ተቀመጥኩና በሰው ፊት ያልኳትን በአባቷ ፊት «አጥፍቻለሁ፣ አውፍ በይኝ» አልኩ። እሷም የተመለሰችው በአንድ ውል ነው፤ ራዊያን ማቆያው ጠዋት የምወስዳት እኔ፣ ማታ የማመጣት እኔ። «ጎረቤት ያንተን ፊት ይይ» አለችኝ።

ይኸው ከሰኔ ጀምሮ እወስዳታለሁ። በወር አንዴ ወላጆችን ይሰበስባሉ፤ ስለ ምግብ፣ ስለ ክትባት፣ ልጅ ሲያስቸግር ሳይመቱ እንዴት እንደሚያዝ ያስረዳሉ። ወንድ እኔ ብቻ ነኝ። ከኋላ ተቀምጬ ስልኬን የማይ እመስላለሁ፤ ጆሮዬ ግን እዚያው ነው። ማታ ራዊያ የዋለችበትን ትነግረኛለች፤ ግማሹ አይገባኝም፤ እሰማታለሁ።

እማ «ዚነት ምን ብላ ጻፈች?» አለችኝ። «ልጇ አማርኛ ጀመረ» አልኳት፤ ደስ ብሏት ዋለች። የቀረውን አንቺ ንገሪያት። እኔ አልነግርልሽም፤ ዳግመኛም «ለሰው አታንብብብኝ» አትበይኝ፤ ከእንግዲህ ወረቀትሽን እንደመጣ ነው የማነበው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ብርቱ ሰው ሆኛለሁ ብለሽ እንዳታስቢ። መጀመሪያ ሰሞን ራዊያን ስወስድ በአስፋልቱ አልሄድም ነበር። የመናኸሪያው ሰው፣ የጀመዓው ሰው፣ ባጃጅ ነጂው ሁሉ ያውቀኛል። በጓሮ በጓሮ፣ በበረቱ ጀርባ፣ ጭቃውን እየረገጥኩ እዞር ነበር፤ ሰው ሲመጣ አጥር ጥግ እቆማለሁ። አንድ ጠዋት ከጀመዓው አንዱ በሩቅ ሲመጣ አይቼ እጇን ይዤ ወደ አንድ ግቢ ገባ አልኩ። ራዊያ ቀና ብላ አየችኝ። እሷም እንደኔ ጎንበስ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አባ፣ ከማን ነው የምንደበቀው?» አለችኝ።

ጨዋታ መስሏት ነበር። አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። ሰውየው አልፎን ሄደ። ብድግ አድርጌ ትከሻዬ ላይ አስቀመጥኳትና ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። ሁሉም አየን። አንዳንዱ ሰላም አለኝ፤ አንዳንዱ ፈገግ አለ፤ እኔ አቀርቅሬ ነበር የምሄደው። እሷ ግን ከላይ ሆና ለሁሉም እጇን ታወዛውዛለች።

እስካሁንም አቀርቅሬ ነው የምሄደው፣ ዚነት። በአስፋልቱ ግን ነው።

የልጆቻችንን ነገር አላህ ያሳምረው፤ አንቺንም ዘመድ ባለበት ያቁምሽ።

ወንድምሽ አብዱሰመድ